ስለ ናፍጣ ፒክአፕ መኪና ባትሪ ዕድሜ

ማናቸውም ሰው እንደሚያውቀው፣ ዛሬ በአገራችን ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እስከ እርሻ ጣቢያ፣ ከመንገድ ሥራ እስከ ሚኒስቴር ድረስ ከከተማ ወጥቶ የሚሠራው የመንግሥት ሥራ በብዙው የሚካሄደው በናፍጣ በሚሄደው፣ ፒክአፕ በሚባለው መኪና ነው። ከፊት ሰው፣ ከኋላ ዕቃ እየያዘ ጭቃውንም አቀበቱንም ስለሚችለው፣ ሌላው መኪና በማይደርስበት ስፍራ እርሱ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ሞተሩ ደኅና ሆኖ፣ ናፍጣው ሞልቶ፣ ነጂውም ተዘጋጅቶ ሳለ፣ አንድ ማለዳ ቍልፉ ሲዞር ‹‹ጠቅ›› የምትል ድምፅ ብቻ ተሰምታ መኪናው ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ በገጠር ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቅ እንደ ሆነ፣ ወይም የክትባት መድኃኒት በበረዶ ሣጥን ተጭኖ ቅዝቃዜው ሰዓት በሰዓት የሚያልቅ እንደ ሆነ፣ የዝምታው ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም።

እንዲህ ያለው ዝምታ በሚበዛው ጊዜ ምክንያቱ ባትሪው ነው። ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም የመኪና ኃላፊነት በእጃቸው ላለ ሹማምንትና አለቆች፣ ስለ አንድ ትንሽ ጥያቄ ጥቂት መናገር ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ጥያቄውም፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣው ባትሪ ስንት ዓመት ሊያገለግል ይገባዋል? የሚል ነው። ይህ ለነጂና ለጋራዥ ሰው ብቻ የሚገባ ነገር የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መልሱን የማያውቅ አለቃ ከሁለት ጥፋት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይም ገና ደኅና የሆነውን ባትሪ በነጋዴ ቃል ብቻ አስወጥቶ የመንግሥትን ገንዘብ ያባክናል፣ ወይም እስኪሞት ድረስ እየጠበቀ ሥራውን በመንገድ ላይ ያስቀረዋል። እኛ እንዳየነው ሁለተኛው ጥፋት ከፊተኛው ይልቅ የበዛ ነው።

የባትሪ ጥበብ አሮጌ ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1859 የእርሳስ ዝርጎችን በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክሮ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቀብሎ የሚያኖርና መልሶ የሚሰጥ ዕቃ አወጣ። ዛሬ በመኪናችን አፍንጫ ሥር ያለው ሣጥን የዚያው ልጅ ነው። በውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል ከ2 ቮልት ጥቂት ያለፈ ኃይል ይሰጣል፤ ባትሪው በሞላ ጊዜ የስድስቱ ድምር 12.6 ቮልት ያህል ይሆናል። ኃይሉን በሰጠ ጊዜ ዝርጎቹን ከእርሳስና ከአሲዱ የተወለደ ነጭ ነገር ይለብሳቸዋል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ባትሪውን በሞላው ጊዜ ያ ነጭ ነገር ተመልሶ ይሟሟል። ኃይሉ ጎድሎ ሳይሞላ ብዙ ቀን የቈየ እንደ ሆነ ግን ነጩ ነገር እየጠነከረ ሄዶ ዳግመኛ የማይለቅ ይሆናል። ባትሪ በሥራ ብዛት ብቻ የሚያረጅ ለሚመስለው ሰው ይህ ሳያስደንቀው አይቀርም፤ ሥራ በመፍታትም ያረጃልና። ሌላው የሞቱ መንገድ እርሳሱን የሚሸከመው መረብ በአሲዱ ቀስ በቀስ መበላቱ ነው፤ ይህ ምንም ያህል ቢጠነቀቁለት ሊዘገይ እንጂ ሊቀር አይችልም።

ቀድሞ ሰዎች ሞተርን የሚያስነሡት ከመኪናው ፊት በሚገባ ብረት በክንዳቸው እያዞሩ ነበር፤ ብረቱም አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሰው ክንድ ይሰብር ነበር። ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል ቻርልስ ኬተሪንግ ባወጣው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ተሠርቶ በ1912 ለገበያ ከወጣ ወዲህ ግን ያ ድካም ከሰው ክንድ ወደ ባትሪው ተላለፈ።

ከሁሉም ባትሪዎች ይልቅ ሸክሙ የሚከብደው የናፍጣ ሞተር ባትሪ ነው። ስለ ምን ቢሉ፣ የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1897 ሠርቶ ያሳየው ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። አየሩን አስገብቶ ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያህል ያምቀዋል፤ አየሩም ከመታመቁ የተነሣ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣው ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ይህን የሚያህል ማመቅ ብርቱ ጕልበት ስለሚፈልግ፣ ሞተሪኖ የሚባለው ማስነሻ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ በመቶ የሚቈጠር አምፔር ከባትሪው ይስባል። ከዚያ አስቀድሞ በብርድ ጊዜ የሞተሩን ውስጥ የሚያሞቁት ማሞቂያዎች የራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። በአሜሪካ ፎርድና ራም ሸቭሮሌትም የሚሠሯቸው ታላላቅ የናፍጣ ፒክአፖች 6.6 ወይም 6.7 ሊትር የሚሆን ሞተር ስላላቸው፣ ጐን ለጐን የተያያዙ ሁለት የ12 ቮልት ባትሪዎች ተደርገውላቸዋል። በእኛ አገር የምናውቀው ሃይሉክስ ሞተሩ ከእነዚያ እጅግ የሚያንስ በመሆኑ በብዙው አንድ ባትሪ ይበቃዋል።

ወደ ዓመቱ ቍጥር እንመለስ። በተለምዶ የመኪና ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል ይባላል። የናፍጣ ፒክአፕ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ባትሪ ግን በደኅና አያያዝ 5 ወይም 6 ዓመት ቢደርስ የሚያስደንቅ አይደለም፤ 7ና 8 ዓመት ያገለገለለት ባለመኪናም አይጠፋም። በሌላ ወገን ሦስተኛውን ዓመት ሳይጨርስ የሞተበት ሰው አለ፤ እርሱም ፋብሪካውን ይረግማል፤ ስምንት ዓመት ያገለገለለትም ፋብሪካውን ያመሰግናል። ሁለቱም አልተሳሳቱም ማለት አይቻልም፤ በፋብሪካው ሥራ መካከል ከሚገኘው ልዩነት ይልቅ በአየሩ ጠባይና በአያያዙ መካከል የሚገኘው ልዩነት ይበልጣልና።

ሁለተኛው ባትሪ እንደ ፊተኛው አልቈየልኝም የሚል ቃል ከብዙ ሰው ይሰማል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የፊተኛው በፋብሪካ ከተሠራ በኋላ ብዙ ሳይውል በመኪናው ላይ የተተከለ፣ ልኩም ለዚያው ሞተር ተለክቶ የተመረጠ፣ በሚገባ የታሰረ ነው፤ በዚያን ጊዜም ዲናሞውና ሽቦዎቹ አዲስ ነበሩ። በኋላ የሚገዛው ግን በመደብር መደርደሪያ ላይ ሳይሞላ አንድ ዓመት የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ከልኩ ያነሰ ተመርጦ ይሆናል፤ ማሰሪያው ስለጠፋ በገመድ ታስሮ፣ በኮረኮንቹ መንገድ ሲነጥር ዝርጎቹ ይራገፋሉ። በባትሪው ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት በምልክት ተቀርጾ ሳለ፣ ገዝቶ የሚረከብ ሰው ያን ምልክት ሳያነብ መፈረሙ ለእኛ የማይገባን ነገር ነው። የዱቄት ከረጢት ስንረከብ እንኳ ነቀዝ እንዳለበት እናያለን። ሁለት ባትሪ ባለው መኪና ደግሞ አንዱ በሞተ ጊዜ ሌላው ደኅና ነው ብሎ አንዱን ብቻ መለወጥ ኪሳራ ነው፤ አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ድካም ይስበዋልና ሁለቱን አብሮ መለወጥ ይሻላል።

ስለ አየር ጠባይ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ያስባል። ባትሪ በብርድ ማለዳ ስለሚሞት ገዳዩ ብርድ ይመስላል። እውነቱ ግን ገዳዩ ሙቀት ነው፤ ብርድ የተገደለውን የሚገልጥ ብቻ ነው። የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቍጥር በባትሪው ውስጥ ያለው መበላላት በእጥፍ ያህል እንደሚፈጥንና ዕድሜው ወደ ግማሽ እንደሚወርድ የዚህ ጥበብ ባለሙያዎች ይናገራሉ። በብርድ ጊዜ ደግሞ ጕዳቱ ሌላ ነው፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ባትሪው ሊሰጥ የሚችለው ኃይል በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ከግማሽ በታች ነው፤ በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ሞተሪኖውን ያደክመዋል። ስለዚህ ነው በአሜሪካ ሙቀቱ በበረታበት በአሪዞና ምድር ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው፤ ብርዱ በበረታበት በሚኒሶታ ግን ዕድሜው ረዝሞ፣ ሲሞት በክረምት ማለዳ ይሞታል። በባትሪው ጀርባ ላይ 600 ወይም 800 ተብሎ የሚጻፈው የብርድ አምፔር ቍጥርም ትርጓሜው ይህ ነው፤ በዚያ ብርድ ለ30 ሰኮንድ ያህል፣ ቮልቱ ከ7.2 ሳይወርድ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል ያመለክታል።

ይህ ነገር ወደ አገራችን ሲመጣ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሰመራና ጋምቤላ መተማም የሚያገለግል መኪና፣ ከባሕር ጠለል 2800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በደብረ ብርሃን ከሚያገለግለው ጋር አንድ ዓይነት የባትሪ ዕድሜ ሊጠበቅበት አይገባም። በቈላው ሦስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ ሥራውን በሚገባ የፈጸመ ነው፤ በደጋው ሦስት ዓመት ብቻ አገልግሎ የሞተ ግን የሚጠየቅ ነገር አለበት። ከዚህም የሚከፋው፣ በቈላ ለብዙ ዘመን የሠራ መኪና ወደ ደጋ በተዛወረ ጊዜ የሚሆነው ነው። ባትሪው በሙቀት ተበልቶ ያለቀ ሳለ በሙቀቱ ምክንያት ሞተሩ በቀላሉ ይነሣ ስለ ነበር ድካሙ አልታወቀም፤ ደጋ በወጣ በፊተኛው ብርዳም ማለዳ ግን እንቢ ይላል። በደጋው አየሩ የሳሳ በመሆኑ ሞተሩ ሲታመቅ የሚያገኘው ግለት ያንሳልና፣ ባትሪው ሞተሩን አብዝቶ ማዞር ይገባዋል። የሚወቀሰው ግን ማን ነው? መኪናውን ትናንት የተረከበው ነጂ ነው።

ስለ ሥራ መፍታት ያነሣነውን ደግሞ ጥቂት እናስፋው። በየደብሩና በየገዳሙ፣ በየመሥሪያ ቤቱም ግቢ፣ በዓል ወይም ጉባኤ ካልሆነ በቀር የማይንቀሳቀሱ መኪናዎች አሉ። ባለቤቶቻቸው መኪናው አልሠራምና አልደከመም ብለው ያስባሉ። ነገር ግን የዛሬ መኪና ቆሞም ይበላል፤ ሰዓቱ፣ የሌባ መከላከያው ደወል፣ በሞተሩ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር ሁሉ ሌሊትና ቀን ጥቂት ጥቂት ኃይል ይስባሉ። ባትሪው ራሱም ምንም ሳይነካ ኃይሉ ይጐድላል። ሁለት ወር ያህል ቆሞ የተረሳ መኪና ባልነሣ ጊዜ በሌላ መኪና ባትሪ አስነሥቶ ወደ ነበረበት መልሶ ማቆም በሽታውን አያድንም። መኪናውን በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰዓት ያህል በመንገድ ላይ መንዳት ይገባል። በግቢ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ግን ጕዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ለማስነሣት የወጣውን ኃይል ዲናሞው ሳይመልሰው ይጠፋልና። በከተማ ውስጥ ከቢሮ ወደ ቢሮ አጭር መንገድ ብቻ የሚመላለስ፣ በየስፍራውም አለቃውን ሲጠብቅ ሬዲዮኑን ከፍቶ የሚቆም መኪና ከዚሁ ዕጣ አያመልጥም።

ድካሙን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የቮልት መለኪያ አለው። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ማለዳ ሳይነሣ ሲለካ 12.6 ያህል ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.4 ከአራት እጅ ሦስቱ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12 ቢሆን ሊያልቅ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ሲለካ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል ባያሳይ፣ ባትሪውን ከመውቀስ በፊት ዲናሞውን መመርመር ይገባል። ይሁን እንጂ ቮልት ብቻውን ያታልላል፤ ያረጀ ባትሪ ሳይሠራ ሲለካ ሙሉ መስሎ፣ ሸክም ሲያገኘው ይወድቃል። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና በሸክም የሚደረገው ነው፤ ከብርድ አምፔሩ ቍጥር ግማሹን ለ15 ሰኮንድ ስቦ ቮልቱ ከ9.6 በታች የወረደ እንደ ሆነ የባትሪው ዘመን አልቋል። ይህን የሚፈትን መሣሪያ ዋጋው በመንገድ ከቀረ አንድ መኪና ከሚያመጣው ኪሳራ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሚከፈት ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ደግሞ ዝርጎቹ በውሃ መሸፈናቸውን ማየትና ሲጐድል የተጣራ ውሃ ብቻ መጨመር የነጂ ሥራ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ወይም ተጨማሪ አሲድ መጨመር ማጥፋት ነው። ራሱ ላይ የሚበቅለውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሶዳ በተቀላቀለበት ውሃ ማጠብም እንዲሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲጋራ ከአጠገቡ መራቅ አለበት፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ የሚፈነዳ ነው።

እስካሁን የተናገርነው የጋራዥ ነገር ነው፤ የእኛ አሳብ ግን ከዚህ ይልቅ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛው ያዘነብላል። በብዙ መሥሪያ ቤት ባትሪ የሚገዛው ‹‹ሞቷል›› ተብሎ በተጻፈ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከነጂው ወደ ስምሪት፣ ከስምሪት ወደ ጠቅላላ አገልግሎት፣ ከዚያ ወደ ግዥ ይሄዳል፤ ዋጋ ማቅረቢያ ይሰበሰባል፤ መኪናው እስከዚያ ይቆማል፣ ወይም በየማለዳው በሰው ኃይል እየተገፋ ይነሣል። እየተገፋ የሚነሣ መኪና በሆስፒታል ደጅ አጥፍቶ ለመቆም አይደፍርምና ናፍጣ እያነደደ ይጠብቃል። ይህን ናፍጣ የሚቈጥረው የለም፤ የባትሪው ዋጋ ግን በደብዳቤ ላይ ስለሚታይ ብዙ መስሎ ይታያል። ዕቃ ካልሞተ በቀር አይለወጥም የሚለው ደንብ የመንግሥትን ገንዘብ ለመጠበቅ በቅን አሳብ የወጣ መሆኑን አንክድም። ለወንበርና ለጠረጴዛ መልካም ደንብ ነው። ወንበር ቢሰበር ጸሐፊው ቆሞ ይጽፋል፤ የአምቡላንስ ባትሪ ቢሞት ግን ደብዳቤው እስኪዞር ድረስ በሽተኛው አይጠብቅም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ መኪና ባትሪው የተሠራበትና የተተከለበት ቀን በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፤ በደጋ ከሦስተኛው ዓመት፣ በቈላ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየስድስት ወሩ በሸክም ይፈተን፤ ፈተናውን የወደቀው ገና ሞተሩን እያስነሣ ሳለ ይለወጥ፤ ፈተናውን ያለፈው ደግሞ ስድስት ዓመት ቢሞላውም አይነካ እንላለን። ይህ በዓመት ቍጥር ብቻ ከመለወጥም፣ በሞት ደብዳቤ ከመለወጥም የተሻለ ነው። የሒሳብ ሹሞች ፈተናውን የወደቀበትን ወረቀት እንደ ሞት ደብዳቤ አድርገው ቢቀበሉት ሌላ አዲስ ደንብ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ነገሩ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ዛሬ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም.፣ ማለት በፈረንጅ አቈጣጠር በ2024፣ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር በናፍጣና በቤንዚን የሚሄድ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ማስታወቁን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። ከዚያ በፊት የገቡት የናፍጣ ፒክአፖች እንግዲህ የሚጠበቁት እንደ ቅርስ ነው፤ አርጅተው በአዲስ ይተካሉ ተብሎ የሚጣሉ አይደሉም። በኤሌክትሪክ የሚሄደውን የገዙትም ከዚህ ጣጣ አመለጥን እንዳይሉ እንነግራቸዋለን። ከታላቁ ባትሪያቸው ሌላ ብዙዎቹ ትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ዛሬም ይዘዋል፤ እርስዋ ከሞተች ታላቁ ሞልቶ ሳለ መኪናው አይነቃም።

የቀረን አንድ ነገር የአሮጌው ባትሪ መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ነገር የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ከባትሪው ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ፣ በግዕዝ ዐረር የሚባለው ነው። እርሳስ ወደ ሰው ሰውነት ሲገባ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ጕዳት የሌለበት የእርሳስ መጠን አይታወቅም ብሏል። በሴኔጋል፣ ከዳካር አጠገብ ባለው በቲያሮይ ሱር ሜር መንደር፣ ሰዎች ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ እየለዩ ለመሸጥ በመኖሪያቸው መካከል ይሰብሩና ያቀልጡ ነበር፤ የእርሳሱ ትቢያ በተቀላቀለበት አሸዋ ላይ ይጫወቱ ከነበሩት ሕፃናት 18ቱ ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 በፈረንጅ አቈጣጠር ባለው ጊዜ ሞቱ። ያ ባትሪ ያንድ ሰው መኪና ማለዳ ያስነሣ የነበረ ባትሪ ነው። በእኛም ከተማ አሮጌ ባትሪ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጥ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ከተሸጠ በኋላ የት እንደሚቀልጥ የሚጠይቅ ግን አናይም። አሲዱን በግቢው ቦይ አፍስሶ ሣጥኑን መሸጥ ለገዥው ቀላል ነው፤ ቦዩ ግን ወደ ወንዝ ይወርዳል።

መሥሪያ ቤቶች ባትሪ ሲገዙ በውሉ ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ማለት አዲሱን የሚሸጠው ነጋዴ አሮጌውን ቈጥሮ አሲዱ ሳይፈስ ተረክቦ በሕግ ወደ ተፈቀደለት ማቅለጫ እንዲያስገባና ደረሰኙን እንዲያመጣ ቢያስገድዱት፣ ነገሩ ከመንገድ ዳር እጅ ይወጣ ነበር። ይህ እስኪሆን ድረስም በየግቢው ጥግ ዝናም እየመታቸው ያሉት አሮጌ ባትሪዎች ሕፃናት በማይደርሱበት ስፍራ፣ በጣራ ሥር፣ በእንጨት ላይ ቀጥ ብለው ተደርድረው መቈጠር ይችላሉ፤ ለዚህ ሥራ ከላይ የሚጠበቅ ደብዳቤ የለም።